ቀዳዳ የሌለው ጀሪካን

ስድስተኛው ቅጠል ሲወድቅ ሐጀራ የፊዚክስ የቤት ሥራ ከሊዲያ ደብተር ላይ እየገለበጠች ነበር። ቅጠሉ የበረንዳውን ሲሚንቶ ሲነካ ጠፍ የሚል ድምፅ አሰማ። ቀና ብላ አላየችም። ካላየችው ያልወደቀ ይመስል ሁለት መስመር ጨምራ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ወርውራ ተነሣች።

መሐሉ ቢጫ፣ ጫፉ ቡናማ ሆኗል። አንሥታ ከሌሎቹ አምስቱ ጋር አልጋዋ ሥር ባለው የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተተችው። ቆሻሻ ውስጥ ብትጥለው እናቷ አይታ መጠየቋ አይቀርም። ሐጀራ ደግሞ ሰሞኑን የማትፈልገው ነገር ቢኖር መጠየቅ ነው።

ተክሏ የራሷ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል አትጨነቅም ነበር። የእትዬ ወርቅውሃ ናት። እትዬ ወርቅውሃ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከሐጀራ ቤት በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ተክሏ ሰዉ የጎማ ዛፍ የሚላት፣ ቅጠሏ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ዓይነት ስትሆን የተከሏት ባለቤታቸው ጋሽ አምባው ናቸው። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ በነበረ ጊዜ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተክለው፣ ቤት ሲቀየር አብረው ይዘዋት መጡ። ጋሽ አምባው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እትዬ በየቅዳሜው ቅጠሎቿን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ ሲወለውሉም ያወሯታል። ስለ ሽንኩርት መወደድም፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመምም ይነግሯታል። አንድ ቀን ሐጀራ በር ላይ ቆማ ስታዳምጥ ያዟትና ሁለቱም ሳቁ።

አዳማ ያለችው ልጃቸው ወንድ ልጅ ስትገላገል እትዬ ሊያርሷት ሄዱ። የሕፃኑ ክርስትና በአርባ ቀኑ ስለሆነ እስከዚያ አይመለሱም። የሄዱ ለት ተክሏን እንዳቀፉ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወርደው ለሐጀራ ሰጧትና «አደራ» አሏት። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ሐጀራ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማትችል ልጅ ናት። ለሌላው ሰው አደራ ማለት የሰጡትን መጠበቅ ነው፤ ለእሷ ግን የተሰጣትን ማሻሻል ነው። የዘይት ቆርቆሮው ዝጎ አንድ ጎኑ ተበልቶ ነበር፤ ሥሮቹም በተበላው በኩል ወጥተው ይታያሉ። እትዬ ራሳቸው «ይቺ ልጅ ቤት ጠቧታል» ሲሉ ሰምታለች። ስለዚህ በሄዱ በሳምንቱ አንድ ባለሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን አጋማሹ ላይ ቆረጠች። ከሕንጻው ጀርባ ጥቁር አፈር ቆፍራ በፌስታል ተሸክማ ሦስት ፎቅ ወጣች። እትዬ ሲመለሱ እንዴት እንደሚደሰቱ እያሰበች ተክሏን ወደ አዲሱ ቤቷ አዛወረቻት።

የጀሪካኑን ሥር በሚስማር ልትበሳው ነበር፤ ግን ዳሲቱ ትዝ አሏት። ዳሲቱ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው። ባለፈው ወር ከላይ የተንጠባጠበ ቆሻሻ ውሃ አጥበው ያሰጡትን ነጠላ አበላሽቶባቸው፣ ሕንጻውን በሙሉ ከቤት ያስወጣ ጩኸት አሰምተዋል። ቀዳዳ ከሌለ ጠብታ የለም፤ ጠብታ ከሌለ ጠብ የለም። ሐጀራ በዚህ ብልሃቷ ለራሷ ኮራች።

ውሃው ደግሞ አለ። በእነሱ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሐሙስና እሑድ ነው፤ በመጣ ቀን የማይሞላ ዕቃ የለም። ባልዲ ይሞላል፣ ድስት ይሞላል፣ ሳፋ ይሞላል፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሳይቀር ይሞላል። ሐጀራም ተክሏን ሞላቻት። እስከሚቀጥለው ፈረቃ እንዳይጠማት ሁለት ጆግ አጠጣቻት። ቅጠሎቹ መጠውለግ ሲጀምሩ የጠማት መሰላትና ሦስት አደረገችው።

እትዬ ካርድ እንዳያልቅባቸው እየተሳቀቁ በየአሥር ቀኑ ገደማ ይደውላሉ። ሕፃኑ ስንት ጊዜ እንደሚጠባ፣ የአዳማ ሙቀት እንዴት እንዳቃጠላቸው ያወሩና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃሉ። «ያቺ ልጄስ እንዴት ናት?» ሐጀራም ደህና ናት ትላለች። የመጀመሪያው እውነት ነበር። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነበር። በሦስተኛው እትዬ በልጃቸው ስልክ ፎቶ እንድትልክላቸው ጠየቋት። ሐጀራ ቴሌግራሟን ከፍታ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ተክሏን የተረከበች ዕለት ያነሣችውን ፎቶ ላከች። አሥራ አራት ቅጠል፣ አንዱም ያልጠወለገ። ወዲያው የድምፅ መልእክት መጣላት። እትዬ የመቅጃውን ምልክት እንደተጫኑ «ሰማችኝ እንዴ?» እያሉ ከመረቋት በኋላ፣ ጋሽ አምባው ቢያዩሽ ይኮሩብሽ ነበር አሏት። ሐጀራ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሳትሰማ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን እህል አልበላ አላት።

ይህን ሁሉ የምታውቀው ሊዲያ ብቻ ናት። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሊዲያ ለማንኛውም ችግር መፍትሔ አታጣም፤ መፍትሔው ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው።

«አቦ ፋራ አትሁኚ» አለቻት በእረፍት ሰዓት። «የጎማ ዛፍ የጎማ ዛፍ ነው። እኩያዋን ፈልገን እንተካታለን። መታወቂያ አላት እንዴ?»

ሐጀራ ሳቀች፤ ከዚያ ስላሳቃት አፈረች። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው አቃቂ ወንዝ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ችግኝ ወደሚሸጡት ጋሽ ቢቂላ ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ቢቂላ ባርኔጣቸው እስከ ቅንድባቸው የወረደ፣ እጃቸው ከአፈር ተለይቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። የጎማ ዛፍ አለ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ወደ ጥግ ጠቆሟቸው። ቁመቷ፣ ውፍረቷ፣ የቅጠሏ ብዛት፣ የጋሽ አምባው ተክል መንታ እህት ናት ቢባል ያስምል ነበር። ሊዲያ ሐጀራን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ሐጀራ ግን ዝም ብላ መውሰድ አልቻለችም። ቤት ያለችው ምን ነክቷት እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ጋሽ ቢቂላ በምን እንደተከለቻት፣ አፈሩን ከየት እንዳመጣችው፣ ስንት ጊዜ እንደምታጠጣት ጠየቋት። አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ከሕንጻው ጀርባ ያለው አፈር መረሬ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። መረሬ ለጤፍ እንጂ ለዕቃ አይሆንም፣ ውሃ ከያዘ አይለቅም፣ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ነው አሉ። ቀዳዳ የለውም ስትላቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። የዳሲቱን ነጠላ ታሪክ ስትነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ አልጠማትም» አሉ። «እየሰጠመች ነው።»

ሐጀራ ጆግ ጆግ ያጠጣችባቸው ቀናት ሁሉ በአንዴ መጡባት። በእንክብካቤ ነው የገደለቻት። መጥላት እንኳ ይህን ያህል አይጎዳትም ነበር።

«ሞታለች ማለት ነው?»

ጋሽ ቢቂላ ግንዱን በጥፍሯ እንድትጭረው ነገሯት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ አልሞተችም። ከዚያ የሚሠራውን ዘረዘሩላት። ተክሏ ትነቀላለች። «ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም ይላሉ፤ ዛሬ ግን ራሱ ሞኙ ይነቅላል» ብለው ጠቀሷት። የበሰበሰው ሥር ተቆርጦ ይጣላል። በትንሽ፣ ሥሩ በተበሳሳ ዕቃ፣ ቀለል ባለና ቀይ አሽ የሚባለው ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር በተቀላቀለበት አፈር ትተከላለች። ደግሞም ጥቂት ሥር ብዙ ቅጠል ሊቀልብ ስለማይችል አናቷ ይቆረጣል። ሁለት ቅጠል ብቻ ይቀራል።

«ከዚያስ?» አለች ሐጀራ።

«ከዚያ ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ምንም ማለት ምንም ነው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ትከቻለሽ፤ እርጥብ ከሆነ ትተያታለሽ። ማዳበሪያ የለም፣ ፀሐይ ማውጣት የለም። መተው ትችያለሽ?»

ሐጀራ እችላለሁ አለች። ጋሽ ቢቂላ ግን ያመኗት አይመስሉም። ትድናለች ብለው ቃል አልገቡላትም። ብትድን እንኳ ለብዙ ወር የምታምር ነገር አትሆንም አሉ።

ነገሩ ቀድሞ የገባት ለሊዲያ ነው። ሐጀራን እጇን ይዛ ወደ ጎን ወሰደቻት። «ስሚኝ በናትሽ። አሁን እኮ ትንሽ ታመመች ብለሽ ታልፊያለሽ። ከቆረጥሻት ግን አለቀ፤ በምንም አትደብቂያትም። ይቺን እንውሰድና ይለቅልሽ።»

«ይቺን ብወስድ ያቺኛዋን የት አደርጋታለሁ?»

«የት ታደርጊያታለሽ? ትጥያታለሽ።»

ሐጀራ ወደ መንታዋ ተክል አየች። እውነትም ቆንጆ ናት። ለእትዬም ብትሆን ያው ቅጠል ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለውሏታል፣ ያወሯታል፤ የማያውቋትን ተክል ስለ ባላቸው ያወሯታል። ወደ ጋሽ ቢቂላ ተመልሳ አፈርና ቀይ አሽ ብቻ በከረጢት እንዲሰጧት ጠየቀች። ሊዲያ ሚኒባስ ውስጥ እስከ ቱሉ ዲምቱ አኩርፋት ሄደች፤ ከረጢቱን ግን አንድ ጎን ይዛላት ደረጃውን አብራት ወጣች።

ሐጀራ ገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ጋዜጣ አነጠፈች። ግንዱን በጥፍሯ ጫረችው። አረንጓዴ ነው። ቀጭን፣ እርጥብ አረንጓዴ።

ጀሪካኑን ስትገለብጠው የቆመ ውሃ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሊዲያ አፍንጫዋን ይዛ ወደ በረንዳ ሸሸች። ሥሮቹ ጠቁረው ሲነኩ ይላጣሉ፤ ከመሐላቸው ጠንካራና ነጣ ያሉ ጥቂቶች ብቻ ተገኙ። ሐጀራ የበሰበሰውን እየቆረጠች አወጣች። በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሥር ሰባት ቀዳዳ በሚስማር በሳች፤ ለዳሲቱ ሰላም ሲባል ከሥሩ ዝርግ ሰሐን አስቀመጠች። ተክሏን ተከለች። አሁን የቀረው አናቷ ነው።

መቀሱን ግንዱ ላይ አስደግፋ ቆመች። ይህ ከተቆረጠ የላከችው ፎቶ ውሸት መሆኑን ማንም ሰው በአንድ እይታ ያውቃል። ሊዲያም ከበረንዳ ሆና እያየቻት ነው። ሐጀራ ዓይኗን ሳትጨፍን ጨመቀችው። ከተቆረጠው ላይ ነጭ ወተት ፈሰሰና በእጇ ላይ ተጣበቀ።

እችላለሁ ብትልም መተው ከሁሉም የከበደ ሥራ ሆነባት። ተክሏን ሳሎን ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኛት ቦታ ላይ አኖረቻት። በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ከመልበሷ በፊት ጣቷን ትከትና፣ እርጥብ ስለሚሆን ትታት ትሄዳለች። እሑድ ውሃ ሲመጣ ሳሪስ ሱቅ የምትውለው እናቷ ቤት ነበረች። የተላጨ እንጨት የመሰለውን ነገር አይታ አንጀቷ ተላወሰና በብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። ሐጀራ መሐል ገብታ ቆመች። እናቷ ልጅቷ አብዳለች ብላ ያ ረቢ እያለች ውሃውን ራሷ ጠጣችው። በማግስቱ ሐጀራ ቆርቆሮው ላይ «ማንም አያጠጣኝ» የሚል ወረቀት ለጠፈች።

በዘጠነኛው ቀን ከሁለቱ ቅጠሎች አንዱ ወደቀ። ያን ዕለት ሐጀራ አለቀሰች። ጆጉን አንሥታ እስከ ተክሏ አጠገብ ሄዳለች፤ አንድ ነገር ማድረግ፣ ምንም ይሁን ምን ማድረግ ፈልጋ ነበር። ግን ቆመች። ዝቅ ብላ ግንዱን በጥፍሯ ጫረችው፤ አሁንም አረንጓዴ ነው። ጆጉን ወደ ቦታው መለሰችና ሒሳቧን መሥራት ጀመረች። ከሊዲያ አልገለበጠችም።

በክርስትናው ዕለት እትዬ ደወሉ። ከኋላቸው እልልታና የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ነገ ሰኞ እንደሚመለሱ ነገሯትና እንደ ልማዳቸው ስለ ተክሏ ጠየቁ። ሐጀራ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ያው ነው፣ ደህና ናት። ደስታቸውን ላለማበላሸት ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ፈርታ እንደሆነ ታውቃለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሊዲያ የጋሽ ቢቂላ መንታ ተክል እስካሁን እንዳልተሸጠች፣ በዚያ ስታልፍ እንዳየቻት ጻፈችላት። ሐጀራ «አልፈልጋትም» ብላ መለሰችና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እትዬ ወርቅውሃን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። ብርቱካን የሞላ ዘንቢል ይዘው፣ በየመታጠፊያው እያረፉ ይወጣሉ። ዘንቢሉን ተቀበለቻቸው። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ጉንጯን ስመው፣ ልጄን አምጪልኝና አብረን እንውጣ አሏት።

ሐጀራ ገብታ የወተቱን ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ወረቀቱን ልገንጥለው ወይስ ይቆይ ብላ ነበር፤ ረስታው እንደተለጠፈ መጣ።

«ይህቺ ናት እትዬ» አለች። «የላክሁልዎት ፎቶ የድሮ ነው። ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ተክዬ በውሃ አበሰበስኳት። የቆረጥኳትም እኔ ነኝ። አልሞተችም።»

እትዬ አንዷን ቅጠል አዩ። የተቆረጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከታች የዳሲቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ።

«አራት ጊዜ ጠየቅሁሽ» አሉ በመጨረሻ።

ሐጀራ ቆርቆሮውን ይዛላቸው ልትወጣ ስትል ተቀበሏት። እኔ እይዛታለሁ አሉ። ብርቱካኑን ለእናትሽ ስጫት፣ ለእናንተ ብዬ ነው ያመጣሁት አሏትና በግድግዳው ተደግፈው ቀስ እያሉ ወጡ። ከነዘንቢሉ ደረጃው ላይ ቀረች።

ማክሰኞም ረቡዕም ከላይ የእትዬን ኮቴ እየሰማች ዋለች። ማዘን ያለባትን ያህል አዝናለች፤ ሐሙስ ሲቃረብ ግን ከሐዘኗ የባሰ ሌላ ነገር ያዛት። እትዬ ስለ ጣቱ አልሰሙም። ስለ መተው የነገራቸው የለም። ያ ወረቀት የልጅ ቀልድ ነው የሚመስላቸው። ሐሙስ ውሃ ይመጣል፤ እትዬም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሞላውን ሁሉ ይሞላሉ።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቧንቧው አጉረመረመ፣ ሳለ፣ ከዚያ ውሃው መጣ። ሐጀራና እናቷ ባልዲዎቹን ተሯሩጠው ሞሉ። ሐጀራ መሐል ላይ እጇን አደረቀች። እናቷ ወዴት እንደምትሄድ ገብቷት ይብረድላቸው፣ ሌላ ሳምንት ትሄጃለሽ አለቻት። እውነቷን ነው፤ የተቀየመ ሰው ጊዜ ይፈልጋል። ግን ተክሏ እስከ ሌላ ሳምንት የምትጠብቅ አይደለችም። ሐጀራ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ደረጃውን ወጣች።

በሩ ላይ ስትደርስ ከውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማች። አንኳኳች። ቆየት ብሎ በሩ ተከፈተ፤ እትዬ ጆግ በእጃቸው ይዘዋል። ግቢም አላሏት፣ ምን ፈለግሽም አላሏት።

«ካልፈለጉ አያናግሩኝ» አለች ሐጀራ። ድምፅዋ እንደፈራችው አልተሰበረም። «እሷን ግን ዛሬ አያጠጧት። ገና እርጥብ ናት።»

እትዬ ጆጉን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። በሩን ሳይከፍቱም ሳይዘጉም ይዘውት ቆሙ።

«ታዲያ መቼ ነው የምትጠጣው?»

«አላውቅም። በየቀኑ መታየት አለባት። እኔ እየመጣሁ አያታለሁ፤ ደህና ካልሆነች ደህና አይደለችም እልዎታለሁ።»

እትዬ ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ጆጉ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ባልዲው ሲመልሱት ተሰማ። በሩን አልዘጉትም። ሐጀራ ጥቂት ጠበቀችና ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች።